ከገመድ ወደ ማይክሮፎን፦ የቸሮኪው ቀልደኛ ዊል ሮጀርስ ከጋምቤላ ሲታይ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት የአሜሪካ ሕዝብ መዝናኛ ከመድረክ ወደ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከዚያም ወደ ተናጋሪ ፊልምና ወደ ሬዲዮ ሲሸጋገር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በደኅና ለመሻገር የቻሉት ባለሙያዎች ጥቂቶች ነበሩ። ከመድረክ ቀልደኞች ብዙዎቹ ካሜራ ፊት ሲቆሙ ጨዋታቸው ጠፋባቸው፤ ከድምፅ አልባው ዘመን ኮከቦች መካከልም ድምፃቸው ሲሰማ ስማቸው የደበዘዘ አሉ። ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ከተጓዙት ውስጥ ለጋምቤላ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ዊል ሮጀርስ ነው፤ ምክንያቱም የተገኘው የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ አስተዳደርና ሰፊ የከብት ሀብት ከነበረው፣ በትልቅ መንግሥት ጠርዝ ላይ ይኖር ከነበረው የቸሮኪ ሕዝብ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሙያውም ከብት ጥበቃ ነበር። የሥራ ሕይወቱ በጥሞና ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል፦ አዲስ የመዝናኛ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ያዳነው ያደገበትን አነጋገርና ያደገበትን ዕውቀት አለመጣሉ ሲሆን፣ የወደቀውም ያ አነጋገር ሊሰማ ባልቻለበት ቦታ ነው።

ጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችው ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ በተፈቀደ መሬት ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የደጋውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ጣቢያውም እስከ 1956 ድረስ በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆይቷል። በዙሪያው የሚኖሩት አኝዋና ኑዌር ሳይጠየቁ በተሰመረ ድንበር ለሁለት ተከፈሉ፤ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞም ከሩቅ ማዕከል የሚወሰነውን ውሳኔ ተቀባዮች ሆኑ። ሮጀርስ በ1879 በተወለደበት ጊዜ የቸሮኪ ሕዝብ ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ ሕዝብ ከጥንት አገሩ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በ1838 እና በ1839 በወታደር ኃይል ተነቅሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድ ካለቁበት በኋላ የሰፈረው «የሕንዶች ግዛት» ይባል በነበረው፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር ሲሆን፣ በዚያም የራሱን ሕገ መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት አቁሞ ይኖር ነበር። ሴኮያ የተባለው ቸሮኪ በ1821 ገደማ የፈጠረው ጽሕፈት፣ እንደ ግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል የሚወክልበት በመሆኑ፣ ሕዝቡ በ1828 በራሱ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ጋዜጣ እስከ ማሳተም ደርሶ ነበር።

የዊል አባት ክሌመንት ሮጀርስ በቸሮኪ ምክር ቤት የተቀመጡ፣ ዳኛም የነበሩ ባለጸጋ ከብት አርቢ ሲሆኑ፣ ከብቶቻቸው የሚሰማሩበት መስክ ወደ 60,000 ኤከር ማለትም 24,000 ሄክታር ገደማ ይደርስ ነበር። ይህ መሬት በቸሮኪ ሕግ የሕዝቡ የጋራ ይዞታ ነበር፤ አንድ ሰው ሊሸጠው አይችልም፣ ሌላው እስካልያዘው ድረስ ግን ሊያሰማራበት ይችላል። የፌዴራሉ መንግሥት ከ1890ዎቹ ጀምሮ የጋራ ይዞታውን አፍርሶ ለየግለሰቡ ሲሸነሽን፣ በ1898 ደግሞ የነባሮቹን ሕዝቦች ፍርድ ቤቶች ሲዘጋ፣ የሮጀርስ ቤተሰብ መስክ ከእጁ ወጣ፤ በ1907 ኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ስትሆንም የቸሮኪ መንግሥት በተግባር አከተመ። በጋምቤላ መሬት ለሰፋፊ እርሻ በኪራይ ሲሰጥና ነዋሪዎች በመንደር ሲሰባሰቡ ከ2002 ዓ.ም ወዲህ የተነሣውን ክርክር የሚያስታውስ አንባቢ፣ የአንድ ሕዝብ የጋራ መሬት በወረቀት ላይ ሲቆራረስ ከመሬቱ ጋር ምን እንደሚሄድ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ለወጣቱ ዊል የቀረለት ከብትና ሰው አብረው ሲኖሩ የሚገኘው ዕውቀት ብቻ ነበር።

ያ ዕውቀት የተቋጠረው በገመድ ነው። ካውቦይ የሚባለው የአሜሪካ እረኛ የሚጠቀምበት ላሶ ጫፉ ሸምቀቆ ሆኖ የተበጀ ረጅም ገመድ ሲሆን፣ እረኛው በፈረስ እየጋለበ ሸምቀቆውን በሚሮጠው ወይፈን አንገት ወይም እግር ላይ ወርውሮ ያስቆምበታል። ለዊል ይህን ጥበብ ያስተማረው በአባቱ እርባታ ይሠራ የነበረው ጥቁሩ ካውቦይ ዳን ዎከር ነው። ይህን መጥቀስ ለታሪኩ ማሟያ ብቻ አይደለም፤ የሮጀርስ ቤተሰብ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ባሮች የነበሩት ሲሆን፣ ዊል ያደገውም ነፃ ከወጡት ሰዎች ልጆች ጋር ነው፤ በኋላ በሬዲዮ የሠራው ከባድ ጥፋት የሚመዘነውም በዚህ ላይ ቆሞ ነው።

ከብት በአንድ ሕዝብ ዘንድ ከሀብትነት አልፎ የንግግርና የዘፈን ምንጭ ሊሆን እንደሚችል በጋምቤላ በደንብ ይታወቃል። የኑዌር ወጣት የጉልምስና ምልክት የሆኑት መስመሮች ግንባሩ ላይ ከተቆረጡለት በኋላ ከአባቱ በሬ ይሰጠዋል፤ ከበሬው መልክና ከቀንዱ አወጣጥ በመነሣትም ስም ያወጣል፣ ለበሬውም ይዘፍናል። ከ1930 ጀምሮ ኑዌርን፣ በኋላም አኝዋን ያጠናው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለዚህ በሰፊው ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ከብት ሲናገር ቃላቱ የተጠኑ አይሆኑም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በአፉ ያሉ ናቸው። ሮጀርስም ለከተማ ሰው ስለ ወይፈን ሲያወራ የነበረው ኃይል ከዚሁ የመነጨ ነው።

ከወታደራዊ ትምህርት ቤት በ1898 ትምህርቱን ጥሎ የወጣው ወጣት በ1902 ወደ አርጀንቲና፣ ከዚያም ከብት በጫነ መርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በዚያ በሚዘዋወር የሰርከስ ቡድን ውስጥ «የቸሮኪው ልጅ» በሚል ስም የገመድ ትርኢት ማሳየት ጀመረ፤ አውስትራሊያንና ኒው ዚላንድን ዞሮም በ1904 ተመለሰ። ስሙን በኒው ዮርክ ያስነሣው ግን በሚያዝያ 1905 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የትርኢት አዳራሽ የደረሰው ነው። በካውቦዮች ትርኢት መካከል አንድ ወይፈን አጥሩን ዘሎ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ ወጣ፤ ሰው ልብስና ባርኔጣውን እየጣለ በመተላለፊያው ሲራኮት፣ ሮጀርስ ደረጃውን ተከትሎ ወጥቶ ሸምቀቆውን ወረወረና ወይፈኑን ወደ ሜዳው መልሶ አወረደው። ጋዜጦች ጉዳዩን ጻፉት፤ በሰኔ ወር ደግሞ ኪዝ በሚባለው የቴአትር ኩባንያ አዳራሽ ውል አገኘ።

እዚህ ላይ ቮድቪል ምን እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የዚህ ሰው ጥበብ የተሳለው በእርሱ ነውና። ቮድቪል እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ስምንት ወይም አሥር ያህል አጫጭር ትርኢቶች በአንድ ትኬት በተከታታይ የሚታዩበት የመድረክ ዝግጅት ሲሆን፣ ዘፋኙ ወርዶ አስማተኛው ይወጣል፣ አስማተኛው ወርዶ ባለ ቀልዱ ይተካል። ለእያንዳንዱ ትርኢት ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል፤ የቴአትር ቤቶቹ ሰንሰለት ባለቤቶች ባለሙያውን ከከተማ ወደ ከተማ ያዘዋውሩታል፤ አንድ ሰው ያንኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ለዓመታት እያሻሻለ በመቶ ከተሞች ሊያሳይ ይችላል። ንግግር የሌለባቸው ትርኢቶች በዝግጅቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይመደቡ ነበር፤ ሕዝቡ መቀመጫ እየፈለገ ወይም እየወጣ ሲንጫጫ ቃል የለምና የሚጠፋ ነገር አይኖርም። የሮጀርስ የገመድ ጨዋታም መጀመሪያ ከእነዚህ አንዱ ነበር፦ ቴዲ የተባለው ትንሽ ፈረስ በሌላ ሰው እየተጋለበ መድረኩን ሲያቋርጥ፣ ሮጀርስ በሁለት እጁ ሁለት ገመድ ወርውሮ ፈረሱንና ጋላቢውን በአንድ ጊዜ ለየብቻ ይይዛቸው ነበር።

ተመልካቹ የዚህን አስቸጋሪነት እንዲያስተውል አስቀድሞ በቃል እንዲያስታውቅ ተመከረ። ወጥቶ በሕንዶች ግዛት ዘይቤ፣ ቃላቱን እየጎተተ ሲናገር ሕዝቡ ሳቀ። ሮጀርስ የተሳቀው በእርሱ ላይ መስሎት ተቆጣ፤ ዳግመኛ አልናገርም እስከ ማለትም ደርሶ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ግን በተመልካች ዘንድ ሳቅ ከገመድ ይልቅ ውድ መሆኑን አስረዱት፤ እርሱም ቀስ በቀስ ገመዱ ሲስት የሚላቸውን ነገሮች ማጠራቀም ጀመረ። በ1911 ገደማ ፈረሱን ትቶ ብቻውን መውጣት ሲጀምር ገመዱ የቀረው እጁ እንዳይፈታ፣ ዓይኑም ከተመልካቹ እንዲሸሽ ነበር፤ ሸምቀቆውን እያሽከረከረ፣ ማስቲካ እያኘከ፣ ወደ ታች እያየ የሚናገር ሰው የተዘጋጀ ቀልድ የሚያቀርብ አይመስልም። ይህ አቋም ከመድረክ ጥበቦች ሁሉ እጅግ የረቀቀው ነው ማለት ይቻላል፤ እጆቹ በሥራ ላይ በመሆናቸው ንግግሩ ከእረኝነቱ ጋር አብሮ የመጣ እንጂ ለገንዘብ የተነገረ አይመስልም ነበርና።

በ1915 የትርኢት አዘጋጁ ፍሎሬንዝ ዚግፌልድ በኒው አምስተርዳም ቴአትር ጣሪያ ላይ ያቀርበው በነበረው የእኩለ ሌሊት ዝግጅት ሮጀርስን ቀጠረው። ይህ አዳራሽ ከቮድቪል አዳራሾች በአንድ ነገር ይለያል፤ እየተመላለሱ የሚመጡት ያው ባለጸጎች ነበሩና የትናንቱ ቀልድ ዛሬ አይሰማም። መፍትሔውን ያመለከተችው ሚስቱ ቤቲ ናት፤ ጋዜጣ ያነባልና ስላነበበው እንዲናገር መከረችው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሚታተሙት ጋዜጦች የምክር ቤቱን ክርክር፣ የጦርነቱን ወሬ፣ የፖለቲከኛውን ቃል እያነሣ በእረኛ ዓይን መተርጎም ሥራው ሆነ። በ1916 በባልቲሞር ከተማ ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በተገኙበት በራሳቸው ፖሊሲ ላይ ሲቀልድ አዳራሹ መጀመሪያ ዝም ብሎ የፕሬዚዳንቱን ፊት ተመለከተ፤ እርሳቸው ሲስቁ ሁሉም ሳቀ። መኳንንትን ፊት ለፊት መንካት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪው በቅኔ ሽፋን የሚሠራው ሥራ ነው። ሮጀርስ ግን ሽፋን አልተጠቀመም፤ ጋሻው ትሕትናው ነበር፦ የማያውቅ የገጠር ሰው መስሎ ይጠይቃል፣ ጥያቄው ግን የሚያውቀውን ሰው ያጋልጣል።

ወደ ፊልም ሲገባ ያጋጠመው ውድቀት ትምህርት ሰጪ ነው። በ1918 ለሳሙኤል ጎልድዊን ኩባንያ የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ፤ በ1919 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ፤ ሃምሳ ያህል ድምፅ አልባ ፊልሞችም ላይ ታየ። ድምፅ አልባ ፊልም ንግግሩን የሚያሳየው በትዕይንቶቹ መካከል በሚገቡ የጽሑፍ ካርዶች ነው፤ የሮጀርስ ቀልድ ደግሞ በቃሉ ብቻ ሳይወሰን በቃሉ መዘግየት፣ በመሀል በሚተወው ዝምታ፣ በአገሩ ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ካርዱ ላይ ሲጻፍ ነፍሱ ይወጣል። በራሱ ገንዘብ ያዘጋጃቸው አጫጭር ፊልሞች ለዕዳ ዳረጉት። ከእነርሱ አንዱ፣ በ1922 የወጣው የገመድ ጥበቡ ፊልም ግን ዛሬም ሊታይ የሚገባው ነው፤ ገመዱ በካሜራው ጎልቶ እንዲታይ ነጭ ተቀብቷል፣ ውርወራውም በዝግታ ምስል ተቀርጿል። ሦስት ገመድ በአንድ ጊዜ ይወረውራል፦ አንዱ የፈረሱን አንገት፣ ሁለተኛው የጋላቢውን አካል፣ ሦስተኛው የሚጋልበውን ፈረስ አራት እግሮች ይይዛል። ዓይን በእውነተኛ ፍጥነቱ ሊከተለው የማይችለውን ይህን ነገር ፊልም ዘግየት አድርጎ ሲያሳይ፣ የእጅ ሙያ ምን ያህል የታሰበ ነገር እንደሆነ ይታያል።

ድምፅ ወደ ፊልም በገባ ጊዜ ሁሉም ተለወጠ። በ1929 ለፎክስ ኩባንያ በሠራው የመጀመሪያ ተናጋሪ ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ መልከ መልካም ያልሆነ፣ በኦክላሆማ ድምፅ የሚናገር ሰው ኮከብ ሆነ። በፊልም ሥራ ላይ የተጻፈለትን ቃል በራሱ አባባል ይለውጥ ነበርና አብረውት የሚተውኑት ተራቸው መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ ይቸገሩ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ ግን ይህን ልማዱን እንደ ጸጋ ቆጥሮ በ1933 እና በ1935 መካከል በሦስት ፊልሞች ሠርቶበታል። በ1934 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በሰጡት ድምፅ በአገሪቱ ብዙ ሕዝብ የሚስብ ተዋናይ ተብሎ አንደኛ ወጣ። ፊልሞቹ የሚያሳዩት የትንንሽ ከተሞችን ዳኞች፣ ሐኪሞችና አርሶ አደሮች ሲሆን፣ የዘመኑን የኢኮኖሚ ድቀት ለሚያልፈው ሕዝብ የሚያውቀውን ሰው መልሰው ያሳዩት ነበር።

ሬዲዮ ለሮጀርስ ከፊልም ይልቅ የከበደ መሣሪያ ነበር፤ ምክንያቱም ለሃያ ዓመታት የተማረው የተመልካችን ፊት አንብቦ ቀጣዩን ቃል መምረጥ ሲሆን፣ ማይክሮፎን ደግሞ ፊት የለውም። በ1922 በፒትስበርግ ከተማ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር በዚህ ተጨንቆ ነበር፤ ቆይቶም ስቱዲዮ ውስጥ አድማጮች እንዲቀመጡለት ማድረግን መረጠ። በ1933 ገልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በየሳምንቱ እሑድ ምሽት ዝግጅት ሲሰጠው ጊዜውን መጠበቅ ስለሚያዳግተው የሚደውል ሰዓት ይዞ ገባ፤ ሰዓቱ ሲጮኽ በዐረፍተ ነገር መካከል ቢሆን እንኳ ንግግሩን ያቆማል። አድማጩም የደወሉን መምጣት እየጠበቀ፣ ንግግሩ ሲፋጠን እየሳቀ ይሰማው ነበር፤ ድክመቱ የዝግጅቱ መለያ ሆነ። ከዚህ ሥራ የመጀመሪያ ክፍያውን ለቀይ መስቀልና ለሳልቬሽን አርሚ ሰጥቷል፤ በ1931 ድርቅ በመታቸው ኦክላሆማ፣ ቴክሳስና አርካንሳ ክፍለ ግዛቶች በአውሮፕላን እየዞረ በነፃ በመታየት ገንዘብ ሰብስቧል።

የሬዲዮ ኃይል ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የተረዳውም በራሱ ላይ ደርሶ ነው። በጥር 1928 በመላው አሜሪካ በተሰራጨ ዝግጅት የፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅን ድምፅ አስመስሎ ሲናገር ብዙ አድማጮች እውነተኛው ፕሬዚዳንት መስለዋቸው ነበር፤ ሮጀርስም ይቅርታ ጠይቆ ጻፈ። በጥቅምት 1931 ደግሞ ከፕሬዚዳንት ሁቨር ጋር በአንድ ዝግጅት ቀርቦ ስለ ሥራ አጥነት ሲናገር፣ ጎተራው በእህል በሞላበት አገር ሰው የሚራበው ሀብቱ በትክክል ስላልተከፋፈለ ነው አለ። በዚያ ምሽት ቀልደኛው ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ እውነቱን ቀረብ ብሎ ተናግሯል።

የሚወደድ ሰው ጥፋት ግን ሊሸፈን አይገባም። በጥር 1934 በዚያው የእሑድ ዝግጅቱ ስለ አንድ ዘፈን ሲናገር ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል ደጋግሞ ተጠቀመ። ጥቁር አድማጮችና ድርጅቶቻቸው ተቃውሞ ላኩ፤ የሮጀርስ መልስ ደግሞ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረው የሚያስረዳ እንጂ የተጎዳውን ሰው ቁስል የሚነካ አልነበረም። ከዳን ዎከር ገመድ የተማረ፣ ከነፃ ወጪዎች ልጆች ጋር ያደገ ሰው ያንን ቃል እንደ ቤት ቋንቋ መቁጠሩ የራሱ ማብራሪያ ነው፤ ሆኖም ሬዲዮ የቤት ቋንቋን ወደ ሁሉም ቤት ሲያስገባ ቃሉ የሚነካውም ሰው ይሰማል። ፊልሞቹም ስቴፒን ፌቺት የተባለውን ጥቁር ተዋናይ እንደ ሰነፍና ሞኝ አገልጋይ የሚያሳዩ ነበሩ። የቸሮኪን ሕዝብ መፈናቀል በምሬት የሚያነሣው፣ የመፈናቀሉን ሕግ የፈረሙትን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንን ይቅር ያላለው ሰው በሌላው ላይ የሚደርሰውን ውርደት በተመሳሳይ ዓይን አላየም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ሮጀርስ በ1926 አውሮፓን ሲዞር ሮም ውስጥ ቤኒቶ ሙሶሊኒን አነጋግሮ ስለ እርሱ የጻፈው በአድናቆት ነው። የኃያላንን ሽንገላ በአገሩ የሚያውቅ ዓይን በዚያ ፊት ደከመ። ነሐሴ 15 ቀን 1935 አላስካ ውስጥ ከበራሪው ዋይሊ ፖስት ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት የጣሊያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ እየተከማቸ ነበር፤ ወረራው የተጀመረው ከሞቱ ሰባት ሳምንታት ያህል በኋላ ነው።

ሮጀርስ የሞተበት 1927 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመድረክ ታሪክ ትልቅ ዓመት ነው፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነውና። ወረራው ሲቃረብ ሕዝብን ለመቀስቀስ የተጀመሩት የንግግርና የዘፈን ዝግጅቶች ከነፃነት በኋላ ወደ ቋሚ ቴአትር አድገው ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር አስቂኝ ጭውውት በአንድ ምሽት የሚቀርቡበትን ልማድ ተከሉ፤ ከቮድቪል ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው። በ1957 ዓ.ም ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ በኋላም በደርግ ዘመን ላሊበላ፣ ግሽ ዓባይ፣ ፋሲለደስና ሌሎችም የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ሲቋቋሙ፣ የመድረኩ ቅይጥ ዝግጅት በህብረ ትርኢት መልክ ወደ ስክሪን ተሻገረ። ከልመነህ ታደሰ ጋር ባቀረባቸው ጭውውቶች የታወቀውና በ1997 ዓ.ም በመኪና አደጋ ያረፈው አለባቸው ተካ በአለቤ ሾው ያደረገው ሽግግር የሮጀርስን ይመስላል፤ ከመድረክ ጭውውት ተነሥቶ በቴሌቪዥን እንግዳ ተቀባይና አወያይ ለመሆን የበቃው የሰፈር ሰው አነጋገሩን ይዞ ነውና።

ይህ መንገድ ግን በአማርኛ የተጠረገ ነው፤ የጋምቤላ ቀልደኛ የሚጋፈጠው ጥያቄም እዚህ ላይ ይጀምራል። በቀድሞው ኢሉባቦር ሥር አውራጃ የነበረችው ጋምቤላ ዛሬ ክልል ስትሆን የሥራ ቋንቋዋ አማርኛ ነው፤ አኝዋኛ፣ ኑዌርኛና መዠንግርኛ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጥባቸዋል። ሮጀርስ ይህ ምርጫ አልገጠመውም፤ በቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ስለነበር ከቸሮኪነቱ ወደ ብዙኃኑ አድማጭ የተሻገረው ድምፁ፣ አመለካከቱና ቁጭቱ ሲሆን፣ ቋንቋው ግን አልተሻገረም። በሴኮያ ፊደል የሚጻፈው የቸሮኪ ቋንቋ ከዚያ ሁሉ የሬዲዮ ዝና አንድም ደቂቃ አላገኘም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእርሱን መንገድ ሙሉ በሙሉ አርአያ አድርጎ ማቅረብ ለጋምቤላ ጉድለት አለው፤ ሊወሰድ የሚገባው ግማሹ ነው።

የቀረው ግማሽ በጋምቤላ በሌላ መንገድ ሊሞላ ይችላል። ኑዌርኛና አኝዋኛ በድንበሩ ላይ የማይቆሙ ቋንቋዎች ናቸው፤ በኑዌርኛ የሚቀልድ ሰው አድማጭ በላሬና በጂካዎ፣ በኢታንግ ዙሪያ ባሉት የስደተኞች መጠለያዎች፣ በደቡብ ሱዳን፣ እንዲሁም በአሜሪካዎቹ ሚኒሶታና ነብራስካ ይገኛል። በዚህ ዘመን በስልክ የተቀረጸ ድምፅ በአንድ ቀን ከባሮ ዳር እነዚህ ሁሉ ዘንድ ይደርሳል። የ1934ቱ ጥፋት ያስተማረው ነገርም ለዚህ አድማጭ በእጅጉ ያስፈልጋል፤ አኝዋና ኑዌር፣ ደገኛና ቆለኛ በደም በተቃቡበት ምድር በአንዱ ቋንቋ የተነገረ ቀልድ በሌላው ጆሮ ውስጥ ይገባልና፣ ቀልደኛው ሮጀርስ ያልጠየቀውን ጥያቄ፣ ቃሉ ማንን እንደሚነካ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሮጀርስ በሬዲዮ ያቀረባቸው ንግግሮች ብዙዎቹ ተጠብቀው በኦክላሆማ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል፤ በጎውም ጥፋቱም ዛሬ ሊመረመር የቻለው ስለዚህ ነው። በጋምቤላ በኪነት ቡድን መድረክ የቆሙ፣ በየሰርጉና በየበዓሉ በአኝዋኛና በኑዌርኛ የሚያጫውቱ አዛውንቶች ድምፅ በተመሳሳይ መልኩ ሊቀረጽ ይገባል። የክልሉ መገናኛ ብዙኃንና የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ቢሠሩ ይህ ከአቅማቸው በላይ አይደለም፤ አጀማመሩም ከጨዋታው ጋር የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቋንቋውን መዝግቦ በማስቀመጥ ነው።